ቆርቆሮው የለም፣ ወተቱ ግን አለ፤ ምን ላድርግ?

የጠባሴዋ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለዚህ ቤት። ስጨነቅ ነው የዋልኩት። የምታውቁ ካላችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

ታላቅ እህቴ ሪያድ ነው ያለችው። በፋሲካ ሰሞን ሰው ሲመጣ ለታናሻችን ልጅ አራት ቆርቆሮ የሕፃን ዱቄት ወተት ላከች። ልጁ አሁን አምስት ወሩ ነው። የእናቱ ጡት ስላልበቃው በቀን ሁለት ሦስቴ ጡጦ ይጨመርለታል። ትናንት ማታ በቴሌግራም ማስታወቂያ ደረሰኝ። የዚያው ወተት አምራች አንዳንድ ምርቶቹ ባክቴሪያ ሳይገባባቸው አልቀረም ብሎ ከገበያ እየሰበሰበ ነው። «ከቆርቆሮው ሥር ያለውን የባች ቁጥር (ባንድ ዙር አብሮ የተመረተው የሚለይበት ቁጥር) ይመልከቱ» ይልና የቁጥር መዓት ይደረድራል።

እኔም ልመለከት ጓዳ ገባሁ። ቆርቆሮ የለም። እናቴ ሦስቱን ከፍታ ዱቄቱን ባንድ ትልቅ ፕላስቲክ ዕቃ ገልብጣዋለች። ቆርቆሮዎቹስ? አንዱ ሽሮ ገብቶበታል። አንዱ የቡና ሆኗል። ሦስተኛውን ለጎረቤታችን ለቆሎ ሻጯ ሰጥታታለች፣ መስፈሪያ እንዲሆናት። አራተኛው ብቻ እንደታሸገ አለ።

ልጁ ደህና ነው፣ ይጫወታል። እናቴ «ይሄን የመሰለ ወተት ልትደፉ ነው?» እያለች ነው። ምን ይሻለኛል?

ሁሉን በልተን አልሞትንም (ደነባ)

እህቴ አትጨነቂ። ልጁ ደህና ከሆነ ደህና ነው። እኛ የእርዳታ ዱቄት በጆንያ እየተሰፈረልን፣ ቀኑንም አገሩንም ሳናውቅ በልተን አድገናል። ፈረንጅ ትንሽ ነገር ካየ ይጥላል። ሀብት ነዋ።

የደብረ ሲና ፋርማሲ

እህቴ፣ መጀመሪያ ከዚያ ፕላስቲክ ዕቃ አንድ ማንኪያ አትጨምሩለት። ክርክሩ ይቆየን። ሦስቱ ስለተደባለቁ አንዷ ቆርቆሮ ብቻ ችግር ቢኖርባት ሁሉም ተነካክቷል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ልጁን እዩት። ትኩሳት፣ ተቅማጥ፣ ጡትም ጡጦም እምቢ ማለት፣ እንደ ወትሮው ያለመንቃት ካለ ሳታድሩ ጤና ተቋም ውሰዱት። ስትሄዱም «የጠጣው ወተት ይሰብሰብ ከተባለው ሊሆን ይችላል» ብላችሁ ንገሯቸው። ሐኪም ካልተነገረው በምን ያውቃል?

ሦስተኛ፣ ያልተከፈተውን አራተኛውን ቆርቆሮ ገልብጠሽ ቁጥሩን አንብቢልን።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር ልጨምር። ዱቄት ወተት ምንም ያህል ቢታሸግ ከጀርም ነጻ አይደለም። ሳልሞኔላና ክሮኖባክተር የሚባሉት ባክቴሪያዎች በደረቅ ዱቄት ውስጥ ለወራት ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ለብ ያለ ውሃ ሲያገኙ ይራባሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ዱቄቱ ከ70 ዲግሪ ባላነሰ ሙቅ ውሃ ይበጥበጥ የሚለው ለዚህ ነው። ከዚያ ይበርዳል፣ ልጁ ይጠጣል፣ ሁለት ሰዓት ካለፈው ይደፋል። እኛ ቤት የሚደረገው ግን ግልባጩ ነው። ውሃው ፈልቶ ይበርድና ለብ ባለ ውሃ ይበጠበጣል።

የጠባሴዋ

ልክ ነህ፣ እኛም የምናደርገው እንደዚያ ነው። ደግሞ ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት፣ የፈላ ውሃ ሳልዞር ነው የሚበርደው።

የመንዝ መምህር (መሐል ሜዳ)

ኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝና ዝም ማለት አልቻልኩም። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚያ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ 100 ላይ አይደለም። መሐል ሜዳም ያው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ «ካፈላችሁ በኋላ ከግማሽ ሰዓት በላይ አታቆዩት» ይላል። ከ90 ለሚጀምር፣ ያውም በኛ ብርድ፣ ግማሽ ሰዓት ይበዛል። በፔርሙስ አድርጊው ወይም ቶሎ በጥብጪው።

ወደ «ሁሉን በልተን» ልመለስ። ወንድሜ፣ ማፍላት የሚገድለው ባክቴሪያን ነው። የማይገደለውስ? በ2008 እ.ኤ.አ. በቻይና የሆነውን አስታውስ። ነጋዴዎች ወተቱን በውሃ ያቀጥኑታል። ከዚያ ፕሮቲኑ እንዳነሰ እንዳይታወቅ ሜላሚን ይጨምሩበታል። ሜላሚን ፕላስቲክ ሳህን የሚሠራበት ነገር ነው። ለምን እሱን? ምክንያቱም የጊዜው ምርመራ ፕሮቲንን ራሱን አይቆጥርም፣ ናይትሮጅን ለክቶ ነው ፕሮቲኑን የሚያሰላው። ሜላሚን ደግሞ ናይትሮጅን የሞላው ነው። ማሽኑ ተሸወደ። ወደ 300,000 ሕፃናት ታመሙ፣ ኩላሊታቸው ጠጠር ያዘ፣ ስድስቱ ሞቱ። ያንን ወተት ቀኑን ሙሉ ብታፈላው ሜላሚኑ እዚያው ነው።

ሁሉን በልተን አልሞትንም

እሱ ቻይና ነው። የሪያዱ ወተት የአውሮፓ ነው የሚሆነው። ባርኮዱን እዩት፣ 690 የሚል ከሆነ ብቻ አትግዙ።

የመንዝ መምህር

ይህን የባርኮድ ነገር ማን እንዳስተማራችሁ ባውቅ! የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች የሚነግሩህ ድርጅቱ ባርኮዱን ከየትኛው አገር ቢሮ እንዳስመዘገበ ነው። ዕቃው የት እንደተመረተ አይናገሩም። ንጹሕ ነው አይደለም ብለውም አይፈርዱም።

የደብረ ሲና ፋርማሲ

አውሮፓስ ቢሆን? በ2017 መጨረሻ እ.ኤ.አ. ላክታሊስ የሚባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በአንድ ፋብሪካው ሳልሞኔላ ተገኝቶ የሕፃን ወተቱን ሰብስቧል። 12 ሚሊዮን ሣጥን ገደማ፣ 83 አገር የተበተነ። እዚያው ፈረንሳይ ከ30 በላይ ሕፃናት ታመዋል። የገረመኝ ሌላ ነው። ይሰብሰብ ከተባለ በኋላ እንኳ የታወቁት ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች በመቶዎች የሚቆጠር ሣጥን ሲሸጡ ተገኙ። ኮምፒውተር እያላቸው፣ የእያንዳንዱ ሣጥን ባርኮድ በማሽን እየተነበበ። እንግዲህ የኛን ሱቅ አስቡት።

ባለሱቁ (ሸዋ ሮቢት)

የኛ ሱቅ ከተነሳ እኔም ልግባ። ነጋዴውን ከመራገማችሁ በፊት አንዴ ስሙኝ።

ዕቃ የማመጣው ከመርካቶ ነው፣ አንዳንዴ ደብረ ብርሃን ካሉ አከፋፋዮች። መርካቶ ያለው ሰውዬ ከሦስት አስመጪ የገዛውን ብስኩት ባንድ አይሱዙ ይጭንልኛል። ደረሰኝ ስጠይቀው «በደረሰኝ ከሆነ ዋጋው ሌላ ነው» ይለኛል። ካርቶኑ ላይ ባች ቁጥር አለ፣ አልዋሽም። እኔ ግን ካርቶኑን እቀድና ዕቃውን መደርደሪያ ላይ እደረድረዋለሁ። ባዶ ካርቶኑን ለማንጎ ነጋዴ እሸጠዋለሁ። በነጋታው ያ ባች ቁጥር ማንጎ ተሸክሞ ተመልሶ አዲስ አበባ ይገባል።

እንግዲህ አንድ ቀን «ይህ ቁጥር ይሰብሰብ» ብትሉኝ ምኑን ልሰብስብ?

አምና የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ የልጆች ጁስ ይሰብሰብ ተባለና ከጤና መጡ። ሦስት ካርቶን ተኩል ነበረኝ። አልደበቅሁም፣ አውጥቼ ሰጠሁ። ተመዝግቦ ከከተማ ወጣ ብሎ ጉድጓድ ተቀበረ። ላከፋፋዩ ደወልኩ። «ከኔ ለመግዛትህ ምን ማስረጃ አለህ?» አለኝ። ጎረቤቴ ግን ወሬውን ቀድሞ ሰምቶ ስለነበር በገበያ ቀን በግማሽ ዋጋ ሸጦ ጨርሶታል። ሰው ተጋፍቶ ነው የገዛው። እኔ ከሰርኩ፣ እሱ ሳቀብኝ። አሁን ሌላ ጊዜ ሲመጡ ምን እንዳደርግ ነው የምትመክሩኝ?

የመንዝ መምህር

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 አለ። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስ ማለት ይችላል።

ባለሱቁ

መምህር፣ አዋጁን አውቀዋለሁ። ደረሰኝ የሌለው ሰው አዋጁን ይዞ የት ይሄዳል? ደግሞ ሸማቹ ወደኔ ይመጣል፣ እኔስ ወደማን?

የመንዝ መምህር

እሱ ላይ መልስ የለኝም።

ጡረተኛው (አንኮበር)

ልጆቼ፣ የባቹን ነገር ተዉትና የቀኑን ልንገራችሁ። 2017 ዓመተ ምሕረት ላይ ነው። ለልጅ ልጆቼ ብስኩት ገዛሁ። መነጽሬን አድርጌ ጀርባውን አየሁ። 2024 ይላል። ሰባት ዓመት ይቀረዋል ብዬ ደስ አለኝ፣ አምስት ፓኮ ጨመርኩ! ቤት ስገባ ስምንተኛ ክፍል ያለችው የልጄ ልጅ አይታ ሳቀች። «አያቴ፣ ይሄ እኮ በፈረንጅ ነው፣ አልፎበታል» አለችኝ።

ሳስበው ባለሱቁም እንደኔው ነው የሚያነበው። ሽማግሌ ነው።

ባለሱቁ

አባቴ፣ ሳቅሁ፣ ግን እውነትዎን ነው። እኔም በጀመርኩበት ዓመት ተሸውጃለሁ።

የመንዝ መምህር

ጋሼ፣ ልጆቹን የማስተምራት ዘዴ ይቺ ናት። በፈረንጆቹ ወር ከ1 እስከ 8 ባለው ከሆነ ከዓመቱ ላይ 8 ቀንስ። ከ10 እስከ 12 ከሆነ 7 ቀንስ። 9ኛው ወር እንቁጣጣሽ መሐል ላይ ይገባበታል፣ እሱን ከሆነ አትግዛው!

የጠባሴዋ

አዲስ ወሬ ይዤ መጣሁ። አራተኛው ቆርቆሮ ቁጥሩ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ሦስቴ አነበብኩት፣ ለወንድሜም አስነበብኩት። የልጁ እናት ከእሱ ትቀጥላለች፣ በትኩስ ውሃ።

የሽሮውን ቆርቆሮ ደግሞ ሽሮውን ገልብጬ ሥሩን አጠብኩት። እሱም ከዝርዝሩ የለበትም። የቀሩት የቡናውና የቆሎው ናቸው። የቡናው ከሰል ዳር ሲቀመጥ ከርሞ ሥሩ ጠቁሯል። በሎሚ ፈተግሁት። አንድ ፊደልና ሁለት ቁጥር ብቅ አለ፣ ሌላው የለም።

ነገ ጠዋት ቆሎ ሻጯ ጋ እሄዳለሁ።

ከሪያድ

እህቴ፣ እኔ ያንቺ እህት አይደለሁም፣ ግን እሷን ሆኜ አነበብኩት፣ አስለቀሰኝ። ወተቱን ስንልክ ከደመወዛችን ቆርሰን ነው። ክፉ አስበን አይደለም።

እዚህ አንድ ዕቃ ይሰብሰብ ሲባል መንግሥት በድረ ገጽ ያወጣዋል፣ ስልክ ላይ ይደርሳል፣ ሱፐርማርኬቱ በር ላይ ይለጠፋል። ማዳሜ አንዴ የገዛችውን መልሳ ብሯን ተቀብላለች። ግን ያ ጥሪ የሚደርሰው እዚህ ላለ ሰው ነው። በሻንጣ ተጭኖ ጠባሴ የገባውን ማን ይጠራዋል?

ደግሞ የራሳችንን ጥፋት ልናገር። ለኪሎ ብለን ሁሉን ነገር ከካርቶኑ እናወጣለን። ሽሮፑን ከነጠርሙሱ ብቻ፣ ክሬሙን ከነቱቦው ብቻ፣ ወረቀቱን ጥለን። ሰላሳ ኪሎ ውስጥ ስንት ነገር ይገባ መሰለሽ! ከአሁን በኋላ ሻንጣ ከመዝጋቴ በፊት የያንዳንዱን ሥር በስልኬ አነሣለሁ። ፎቶ አይከብድም።

የደብረ ሲና ፋርማሲ

ከሪያድ፣ ዋናውን ነገር አንቺ ተናገርሽው። በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ 1112/2011 መሠረት ቁጥጥሩን የሚመራው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ባለሥልጣኑ ጥሪ ሲያወጣ መጀመሪያ የሚይዘው አስመጪውን ነው። አስመጪው ላከፋፋይ፣ አከፋፋዩ ለባለሱቅ እያለ ይወርዳል። ሻንጣ አስመጪ የለውም። በሌሊት የገባ ዕቃም አስመጪ የለውም። ደረሰኝ ያልተቆረጠለትም አስመጪው መርካቶ ላይ ይጠፋል። ጥሪው ለማን ይድረስ?

ሰው ግን ራሱ መጠቆም ይችላል። የባለሥልጣኑ ነጻ መስመር 8482 ነው። የጠባሴዋ፣ ነገ ደውይ። የቆርቆሮውን ፎቶ ያዢ።

ልብሰ ተክህኖ ሠፊው (ደብረ ብርሃን)

ጣልቃ ልግባ። ከወተት ወጣ ይላል። ባለቤቴ ፊት የሚያቀላ ክሬም ትቀባለች፣ ከሞል አይደለም፣ ከሻንጣ ነጋዴ። ጽሑፉ የማይገባን ቋንቋ ነው። ሰሞኑን እጇ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ይገናኛል?

የደብረ ሲና ፋርማሲ

ወንድሜ፣ ሊገናኝ ይችላል። ዛሬውኑ ታቁም፣ ክሬሙንም ይዛ ሐኪም ጋ ትሂድ። አንዳንዶቹ የቆዳ ማቅያዎች ሜርኩሪ አለባቸው። ሜርኩሪ ቆዳውን የሚያነጣው ሜላኒን (ቆዳን የሚያጠቁረው ቀለም) እንዳይሠራ አፍኖ ነው። በቆዳ ገብቶ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል። መንቀጥቀጥ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ቶሎ መቆጣት ያመጣል። በፎጣና በትራስም ልጆች ላይ ይደርሳል፣ ባትቀቡትም።

ቋንቋው ካልገባችሁ የሚያነብ ሰው ፈልጉና ይህቺን ፈልጉባት፦ «ከብር፣ ከወርቅ፣ ከአሉሚኒየምና ከጌጣጌጥ አይነካካ» የሚል ማስጠንቀቂያ። ሜርኩሪ ወርቅ ስለሚያበላሽ ነው የሚጽፉት። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ ይህን እንደ ምልክት ይጠቅሰዋል። ያለ ማስጠንቀቂያ የሚሸጥም ሞልቷል፣ ስለዚህ ባይኖርበት ንጹሕ ነው አትበሉ።

ልብሰ ተክህኖ ሠፊው

የጋብቻ ቀለበቷ ቀለሙ ተበላሽቶባት ወርቅ ሠሪውን ስንጣላው ከርመናል። ጉድ ነው። ነገ እወስዳታለሁ።

የጤና ኤክስቴንሽኗ (ሞጃና ወደራ)

እኔ ደግሞ ጥሪው ገጠር እንዴት እንደሚደርስ ልንገራችሁ። በወረዳው ግሩፕ ምስል ይለቀቃል። ምስሉ የወረቀት ፎቶ ነው። ወረቀቱ የሌላ ፎቶ ኮፒ ነው። ኔትወርክ ሲገኝ ይከፈታል። የባች ቁጥሩ ላይ 3 ይሁን 8 አይለይም። አንዴ 8 ነው ብዬ ሁለት ሱቅ ፈትሼ ደህናውን አስወጥቻለሁ። እስካሁን ያሳፍረኛል።

ግን ቤት ለቤት እኛ የማናንኳኳው በር የለም። ማን ልጅ እንዳለው፣ ማን ጡጦ እንደምትሰጥ እናውቃለን። ቁጥሩን በጽሑፍ ይላኩልን እንጂ።

የደብረ ሲና ፋርማሲ

እህቴ፣ ያልሽው በጋምቢያ ተሠርቶበታል። በ2022 እ.ኤ.አ. ከሕንድ የገባ የልጆች ሳል ሽሮፕ 70 ገደማ ሕፃናት ገደለ። አብዛኞቹ ከአምስት ዓመት በታች ናቸው። እናቶቹ መጀመሪያ ያዩት ልጁ ሽንቱን ማቆሙን ነው። ኩላሊቱ እየሞተ ነበር።

በሽሮፑ ውስጥ ዳይኢታይሊን ግላይኮልና ኢታይሊን ግላይኮል ተገኘ። ለመኪና ማቀዝቀዣና ለፍሬን ዘይት የሚውሉ ነገሮች ናቸው። ሽሮፕን የሚያወፍረውና የሚያጣፍጠው ግሊሰሪንን የመሰለ ነገር ነው። እነዚህ ደግሞ ይመስሉታል፣ ጣፋጭ ናቸው፣ ዋጋቸውም ርካሽ ነው። በአፍ ቀምሰህ አትለያቸውም። የዓለም ጤና ድርጅት በጥቅምት ወር እ.ኤ.አ. ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ ሽሮፑ በየቤቱ መደርደሪያ ላይ ነበር። የቀይ መስቀል ሰዎችና የጤና ሠራተኞች ቤት ለቤት ዞረው ለቀሙት።

ሌላም ልጨምር። በ2024 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ ላይ ናይጄሪያ አንድ የታወቀ የልጆች ሽሮፕ አንድ ባች ይሰብሰብ አለች፣ ቁጥሩ 329304። ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ሩዋንዳና ደቡብ አፍሪካም ተከተሉ። ያ ባች የተመረተው በ2021 ግንቦት ላይ ነው። የአገልግሎት ጊዜው የሚያበቃው ደግሞ በዚያው በ2024 ሚያዝያ። አያችሁት? ጥሪው የወጣው ጊዜው በሚያልቅበት ወር ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሲጠጣ ከረመ። አምራቹ በበኩሉ በራሴ ምርመራ አላገኘሁበትም ብሏል። ይሰብሰብ ማለት ጥፋተኛ ነው ማለት አይደለም፣ እስኪጣራ ከልጅ አፍ ይራቅ ማለት ነው።

ሁሉን በልተን አልሞትንም

እንዲያው አልተከራከርኩም እንበልና… ቤቴ አንድ የሳል ሽሮፕ አለ። ግማሽ ደርሷል። ወረቀቱ በሽሮፑ ረጥቦ ተጨማዷል፣ ቁጥሩ አይታይም። ልጁ ማታ ማታ ይስላል።

የደብረ ሲና ፋርማሲ

አትስጠው። ነገ ና፣ ወይም ልጁን ለሐኪም አሳየው። ጠርሙሱን ይዘህ ና፣ አትጣለው።

ሁሉን በልተን አልሞትንም

እሺ።

የአንጎለላ ወተት

የጠባሴዋ እናት ዱቄቱን ለጥጃ ልስጠው እንዳይሉ እፈራለሁ። የኔ እናት ብትሆን እንደዚያ ነበር የምታደርገው።

የጠባሴዋ

ከየት አወቅህ?! ዛሬ ጠዋት «በቃ ለአጎትሽ ጥጃ ይሰጥ፣ ኃጢአት ነው» ብላ ፕላስቲኩን አንሥታ ነበር።

የአንጎለላ ወተት

አሥር ላም አለኝ። ሳልሞኔላ ጥጃንም ይገድላል፣ ከጥጃው ደግሞ ወደ ሰው ይመጣል። ላም የበላችው ተመልሶ ወተት ውስጥ ይገባል። እኛ ይህን በራሳችን አይተነዋል። ዛሬ ሳይሆን ድሮ፣ በአዲስ አበባና ዙሪያዋ ወተት ላይ አፍላቶክሲን ተገኘ ተባለ። ከኑግ ፋጉሎ ነው፣ የሻጋታው መርዝ ከፋጉሎው ላም ውስጥ፣ ከላሟ ወተት ውስጥ። ወሬው ሲወጣ የሚገዛን ጠፋ፣ ወተት ስናፈስ ከረምን። ያ እንግዲህ የአገር ውስጥ ነው፣ ከውጭ የመጣ አይደለም። ስለዚህ «የውጭ» እያልን ብቻ አንማረር። ከዚያ ወዲህ ፋጉሎ ስገዛ አሸትተዋለሁ። ሻጋታ ከሸተተ አልገዛም። ሳይሸት መርዝ ያለበት መኖሩንም አውቃለሁ፣ ምን ላድርግ።

ዱቄቱን ከአመድና ከአፈር ጋር ቀላቅለሽ ጉድጓድ ቅበሪው። እንደ ደህና ነገር ከቆሻሻ ጋር አውጥተሽ አታስቀምጪው፣ የሚያነሣ አይጠፋም።

ሻይ በቀረፋ (ጫጫ)

ቀረፋስ? እዚህ ብርድ ያለ ቀረፋ ሻይ አንጠጣም። በ2023 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የሕፃናት የፖም ንፍሮ (ተቀቅሎ የተፈጨ ፖም) በቀረፋ ሳቢያ ተሰበሰበ ሲባል ሰምቻለሁ።

የመንዝ መምህር

ትክክል ሰምተሻል። ንፍሮው ኢኳዶር ውስጥ የተሠራ፣ ቀረፋውም እዚያው የተፈጨ ነው። አሜሪካ ያሉ የአንድ ቤት ልጆች በመደበኛ ምርመራ ደማቸው ውስጥ እርሳስ ተገኘ። ቀለም ተመረመረ፣ ቤቱ ተመረመረ፣ ምንም የለም። በመጨረሻ ልጆቹ የሚበሉት ያ ንፍሮ ሆኖ ተገኘ። ቀረፋው ውስጥ የነበረው እርሳስ ከሚሊዮን እጅ ከ2,000 እስከ 5,000 እጅ ነው። ያ በስሕተት የሚገባ መጠን አይደለም። ሌድ ክሮሜት የሚባል እርሳስ ያለበት ቢጫ ቀለም ሳይሆን አይቀርም፣ ቀረፋውን ለማድመቅና ለማክበድ የተጨመረ። ባንግላዴሽ ውስጥ እርድም እንዲሁ ይቀቡት ነበር።

የኔ ምክር ለጫጫ፦ ቀረፋውን እንደ እንጨቱ ግዢውና ቤት ውስጥ ፍጪው።  እንጨት ቀለም ቢቀባ ይታያል፣ ዱቄት ሲሆን ግን ማን ያውቃል? እናቶቻችን በርበሬ ራሳቸው የሚያስፈጩት ለዚህም ነው፣ ጡብ ፈጭቶ የሚቀላቅል አለና።

የጠባሴዋ

የመጨረሻው ወሬ።

8482 ደውያለሁ። ጠየቁኝ፣ መዘገቡልኝ። የቆርቆሮውን ፎቶ ያዢ አሉኝ። ከየት ተገዛ ሲሉኝ «ከሻንጣ» አልኩ። ልጅቷ ሳቅ አለች፣ ክፉ ሳቅ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ የሰማችው ይመስለኛል።

ከዚያ ቆሎ ሻጯ ጋ ሄድኩ። እትዬ መንገድ ዳር ተቀምጣ በኛው ቆርቆሮ ገብስ ቆሎ ትሰፍራለች። «አንዴ ስጪኝ፣ ሥሩን ልየው» አልኳት። አልሰጥም አለች። ለመንኳት። እሺ ብላ ቆሎውን ደፍታ ሰጠችኝ። ገለበጥኩት። ሥሩ በመዶሻ ተመትቶ ወደ ውስጥ ገብቷል! እንደ ጉድጓድ። ቁጥሩ እጥፋቱ ውስጥ ነው። በስልኬ መብራት አየሁት፣ የመጀመሪያዎቹ አራት ይነበባሉ፣ ሌሎቹ ተደፍጥጠዋል። አራቱ ከዝርዝሩ ሁለት ቁጥር ጋር ይገጥማሉ።

እሷ የፈራችው ደግሞ ሌላ ነው። መስፈሪያውን ቀጥቅጣ ማሳነሷን ልነግርባት መስሏታል። «ሁሉም እንደዚህ ነው የሚያደርገው፣ ልጄ» አለችኝ።

ዱቄቱን ከአመድ ጋር ቀብረነዋል። እናቴ ስትቀብር ዐይኗን አዞረች። ልጁ ደህና ነው፣ ትናንት ማታም ዛሬም ጤና ጣቢያ ታይቷል፣ ትኩሳት የለውም። ክትትል አድርጉ ብለውናል።

ባለሱቁ

እግዚአብሔር ይመስገን። እኔም አንድ ነገር ጀምሬአለሁ። ለሕፃን ወተትና ለሽሮፕ ብቻ ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ቆርጬ ግድግዳ ላይ እሰካዋለሁ፣ ቀኑንና ያመጣሁበትን ሰው ስም በእስኪርብቶ ጽፌ። ሌላውን ሁሉ ልመዝግብ ብል ሱቁን መዝጋት አለብኝ። መርካቶ ያለው ልጅ ስሙን እንደምጽፍ ሲሰማ ምን ቢል ጥሩ ነው? «የሌላ ሰው ስም ጻፍ» አለኝ።

የጠባሴዋ

ሃሃ። በሉ ደህና እደሩ። እትዬ በር ላይ ቆማለች፣ ቆርቆሮዋን ለፎቶ ብዬ አምጥቼባት ነበር። «የዛሬ ገበያዬን አቃጠልሽው፣ መስፈሪያዬን መልሺ» እያለች ነው።